ከመስማት በፊት ቋንቋ፦ የኮክሊየር ኢምፕላንት ምርጫና የእምነት ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ኮክሊየር ኢምፕላንት የተባለውን በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ለራስ ወይም ለልጅ መምረጥ በመጀመሪያ እይታ የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱ ወይም የሻሸመኔ ወላጅ ስለ መሣሪያው በሰማ ጊዜ ግን ከዋጋውና ከቀዶ ሕክምናው ጋር ተያይዞ የሚጋፈጠው ጥያቄ የእምነትና የፍልስፍና ነው፤ ይኸውም አለመስማት ፈጣሪ ለልጁ የሰጠው አኳኋን ነው ወይስ ሊወገድ የሚገባው ጉዳት፣ መድኃኒት መፈለግስ የፈጣሪን ፈቃድ መቀበል ነው ወይስ መቃወም፣ ገና አሳቡን መግለጽ በማይችል ሕፃን አካል ላይስ የወላጅ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ይሄዳል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ተገቢ ቢሆኑም ከሁሉም የሚቀድም፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘለል አንድ ግዴታ አለ የሚል ነው፤ ግዴታውም ልጁ ሳይውል ሳያድር ቋንቋ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ኮክሊያ የሚባለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ጥምዝምዝ ያለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉት። እነዚህ ሕዋሳት ከጅምሩ በትክክል ሳይፈጠሩ ሲቀሩ፣ ወይም በማጅራት ገትርና እንደ ጄንታማይሲን ባሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ሲሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የተለመደው የመስሚያ መርጃ ድምፅን ከማጉላት ያለፈ ሥራ ስለሌለው ሕዋሳቱ በጠፉበት ጆሮ ብዙም አይረዳም፤ ኮክሊየር ኢምፕላንት ግን የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ በቀጥታ የመስሚያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ውጫዊው ክፍል ድምፅን በማይክሮፎን ይቀበላል፣ ፕሮሰሰር በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ድምፁን በድግግሞሹ ይከፋፍላል፣ በማግኔት ኃይል ራስ ቅል ላይ በሚጣበቅ ክብ ማሰራጫም ወደ ውስጥ ይልካል፤ ከቆዳ ሥር የተቀበረው ተቀባይ ደግሞ እንደየሥሪቱ ከ12 እስከ 22 በሚደርሱ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ነርቩን ያነቃቃል። በጤናማ ጆሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት የሚሠሩትን ይህን ያህል ጥቂት ኤሌክትሮድ ስለሚሸፍነው፣ የሚሰማው ድምፅ ከተፈጥሮ መስማት ጋር አንድ ሊሆን አይችልም፤ አንጎል በልምምድ ሊማረው የሚገባ አዲስ ምልክት ነው።

የመሣሪያው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ላይ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪዬስ ባደረጉት ሙከራ ይጀምራል፤ በ1961 ዊሊያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ፣ በ1978 ደግሞ ግሬም ክላርክ በሜልቦርን ወደ ፊት ገፉት። በ1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ሲፈቅደው፣ በቀጣዩ ዓመት የዚያ አገር መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ብርቱ ተቃውሞ አሰማ። የተቃውሞው ፍሬ ነገር መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸው ቋንቋና ማኅበረሰብ ያላቸው ሰዎች እንጂ የሚጠገኑ ስሕተቶች አይደሉም የሚል ነበር። ይህ ክርክር ኢትዮጵያ ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል፤ ምክንያቱም እዚህ አብዛኛው ቤተሰብ በመሣሪያውና በምልክት ቋንቋ መካከል የመምረጥ ዕድል ከማግኘቱ በፊት ልጁ ያለ ሁለቱም ያድጋል።

መሣሪያውን ለመትከል የሚያስችል ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ውሳኔው በቀዶ ሕክምናው ዕለት አያበቃም። ቁስሉ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ ፕሮሰሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይከፈታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ምን ያህል ኃይል እንዲለቅ ባለሙያው በየጊዜው ይለካል፣ ያስተካክላል፤ ይህም ማፒንግ ይባላል። ለዚህ አገልግሎት የአዳማ ወላጅ ቢያንስ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ግድ ይሆንበታል። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት የልጁ ላብ ከጆሮ ጀርባ ወደ መሣሪያው ይወርዳል፣ የበጋው ነፋስ የሚያነሣው አቧራ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ስለዚህ እናት ማታ ማታ ፕሮሰሰሩን ፈትታ፣ ጠርጋ፣ እርጥበት በሚመጥ ዕቃ ውስጥ ማሳደር፣ መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶችም ለነገ የሚሆን የተሞላ ባትሪ ማትረፍ አለባት። ሶደሬ ሲኬድ ልጁ ወደ ውኃው ሳይገባ ፕሮሰሰሩ መውለቅ ወይም ውኃ በማያስገባ መሸፈኛ መጠቅለል አለበት፤ ከወለቀ ደግሞ በዚያች ሰዓት ልጁ ምንም አይሰማም። መሣሪያው ከተተከለ በኋላም ልጁ መስማት የተሳነው ልጅ መሆኑ አይቀርም፤ ይህን ያልተረዳ ወላጅ ገና ከጅምሩ ተታሏል ማለት ነው።

የንግግር ሥልጠናውም ቀላል ሸክም አይደለም። ሥልጠናው ልጁ በሚኖርበት ቋንቋ መሰጠት ይኖርበታል፤ የአዳማ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በቤት አፋን ኦሮሞ፣ በገበያ አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አካባቢ ያድጋል። አፋን ኦሮሞ በአናባቢ ርዝመት፣ አማርኛም በተነባቢ መጥበቅና መላላት ትርጉም ስለሚለዩ፣ ሥልጠናውን በሌላ ቋንቋ መሣሪያና ልምድ ብቻ መምራት ልጁን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል።

ወደ እምነቱ ጥያቄ ሲመጣ፣ በክርስቲያኖች ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተመዘገበው፣ ጌታ መስማት የተሳነውን ሰው ኤፍታህ ብሎ የፈወሰበት ታሪክ ነው። የዚህ ታሪክ ዝርዝር ከተለመደው በላይ ሊጤን ይገባዋል። ጌታ ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይም ተመለከተ። እነዚህ ሁሉ መስማት የማይችል ሰው በዐይኑና በአካሉ ሊረዳቸው የሚችላቸው ምልክቶች ናቸው፤ ፈውሱ ከመምጣቱ በፊት ንግግሩ ለሰውየው በሚገባው መንገድ ተጀምሯል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1ም የዘካርያስ ዘመዶች በምልክት ሲጠይቁት እርሱ ሰሌዳ ለምኖ በጽሑፍ መለሰ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ጌታ የዓይነ ስውሩን ሁኔታ ከራሱም ሆነ ከወላጆቹ ኃጢአት ጋር ማያያዝን ውድቅ አድርጓል፤ ልጃቸውን ከጎረቤት የሚደብቁ ወላጆች ይህን ክፍል ከካህን ወይም ከፓስተር አንደበት ደጋግመው ሊሰሙት ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ሁልጊዜ እንዳልተሳሳተች ሁሉ ሁልጊዜም አላቀናችም። እምነት ከመስማት እንደሚመጣ የሚናገረውን የሐዋርያው ጳውሎስን ቃል ቃል በቃል ወስደው መስማት የተሳነውን ከእምነት ደጅ ውጭ ያቆሙ ነበሩ። ነገር ግን ሰሜን አፍሪካዊው አውጉስጢኖስ ስለ መምህርነት በጻፈው መጽሐፍ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅ እንቅስቃሴ እንደሚነጋገሩ መስክሯል። በሐዋርያት ስም የሚታወቁት ጥንታዊ ቀኖናዎችም መስማት የተሳነው ሰው ጳጳስ እንዳይሆን ሲከለክሉ፣ ምክንያታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሰናከል እንጂ ሰውየው የረከሰ ስለሆነ እንዳልሆነ አብረው ያስረዳሉ። እንግዲህ እንቅፋቱ በራሳቸው በቀኖናዎቹ አነጋገር የመግባቢያ ችግር ከሆነ፣ መግባቢያው ሲገኝ እንቅፋቱ ይነሣል ማለት ነው።

በእስልምናም ሚዛኑ ተመሳሳይ ነው። አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ የሚያስተምረው ሐዲስ ሕክምና መፈለግን ከተወኩል፣ ማለትም በአላህ ላይ ከመመካት ጋር ያስታርቃል። በሌላ በኩል የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ሊቃውንት መናገር የማይችል ሰው የታወቀ ምልክት በአንደበት እንደተነገረ ቃል እንዲቆጠር ወስነዋል፤ የኦቶማን መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናቀረው መጀላ የተባለው የሕግ መጽሐፍም ይህንኑ በሕግ አንቀጽነት አስፍሮታል። በምልክት የተሰጠ ቃል ለውል የሚበቃ ከሆነ ለቤተሰብ ፍቅር፣ ለዱዓና ለትምህርት የማይበቃበት ምክንያት አይኖርም። በኦሮሞ የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ሰፉ የሚባለው፣ ፍጥረት ሁሉ የየራሱ ቦታና ክብር እንዳለውና ያም ክብር እንደማይደፈር የሚያስተምረው መርሕም መስማት የተሳነውን ልጅ ከነሁኔታው ለማክበር መሠረት ይሆናል፤ ሕክምና መከልከል ግን ከዚህ አይከተልም።

ስለዚህ ከእነዚህ ትውፊቶች አንዳቸውም መሣሪያውን አይከለክሉም፤ አንዳቸውም ደግሞ የግድ አያደርጉትም። ከባዱ ችግር መጠበቅ ነው። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን በአዳማ በኩል ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚያልፉት ምእመናን መካከል ስለ ልጁ መስማት ስለት የሚሳል ወላጅ ይኖራል፤ ሌላው ጠበል ያስጠምቃል፤ ሌላው በፈውስ ጉባኤ ላይ እጅ ያስጭናል፤ ሌላው ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከዘመድ ይለምናል። ጸሎቱም ልመናውም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ ማዕድ ላይ ተቀምጦ የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮችን ብቻ እያየ፣ ለእንጀራና ለውኃ ከተፈጠሩት ጥቂት የቤት ምልክቶች በቀር የሚጠይቅበትና የሚጠየቅበት ቃል ሳይኖረው ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ዓመት ያልፋል። ተመራማሪዋ አኑ ሻርማና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ 3 ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው መሣሪያው የተተከለላቸው ልጆች አንጎል ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በአብዛኛው እንደ እኩዮቻቸው ሲሆን፣ ከ7 ዓመት ዕድሜ በኋላ በተተከለላቸው ላይ ይህ አይታይም። ከማጅራት ገትር በኋላም ኮክሊያው በአጥንት ሊሞላ ስለሚችል ቀኑ ይበልጥ ያጥራል። ሁሉም ሕፃን ሲወለድ መስማቱ በማይመረመርበት አገር እነዚህ ዓመታት በቀላሉ ያመልጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፈላስፋው ጆኤል ፋይንበርግ፣ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ራሱ የሚመርጣቸው መንገዶች በወላጅ ውሳኔ አስቀድመው እንዳይዘጉበት መብት አለው ሲል ተከራክሯል። ይህን አሳብ መሣሪያውን ለመደገፍ የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው፤ ክርክሩ ግን በወጥነት ከተያዘ የምልክት ቋንቋንም ግዴታ ያደርጋል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ላይገኝ፣ ቢገኝም ሊበላሽ ወይም ያሰቡትን ያህል ላይሠራ ይችላል፣ በልጅነቱ የተማረው የምልክት ቋንቋ ግን አብሮት ይኖራል። የምልክት ቋንቋን መንፈግ አዲስ ስሕተት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት ያስወጣ ውሳኔ አሳለፉ፤ የጉባኤው ወራሾች በ2010 ቫንኩቨር ላይ ስለዚህ ጸጸታቸውን እስኪገልጹ ድረስ 130 ዓመት አልፏል። ያ ስሕተት በየቤቱ በትንሹ እንዲደገም መፍቀድ አይገባም።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስውና የግእዝን ፊደላት የሚወክል የጣት ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። መስማት ለተሳናቸው ከተከፈቱት ቀደምት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሚስዮናውያን ስለተቋቋሙ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ አሻራ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቋንቋ በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም መንግሥታት የምልክት ቋንቋ ትምህርትን እንዲያመቻቹ ያዝዛል። ቋንቋውን የተማሩ የኦሮሞም የአማራም ተወላጆች ያለ አስተርጓሚ ስለሚግባቡበት፣ እንደ አዳማ ላለች ብዙ ቋንቋ ለሚነገርባት ከተማ ጥቅሙ ይጎላል።

ለራሱ የሚመርጥ አዋቂ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። ከአዋቂነት በኋላ መስማት ያጣ ሰው አንጎሉ ንግግርን ስለሚያውቅ ከመሣሪያው ብዙ ሊያገኝ ይችላል፤ ከውልደቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ የኖረ አዋቂ ግን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ንግግርን ሳይሆን የድምፅን መኖር ነው። ይህን አውቆ እሺ ቢል ወይም አልፈልግም ቢል የገዛ አካሉ ስለሆነ ውሳኔው ይከበርለታል፤ አልፈልግም ያለውን ሰው ፈውስን እንደናቀ ወይም እምነት እንደጎደለው አድርጎ መውቀስ ግን በደል ነው።

የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለዚህ ጉዳይ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር በእጃቸው ነው፤ በቅዳሴ፣ በጁምዓና በጉባኤ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያቁሙ፣ ለወላጆችም በአዳራሻቸው የቋንቋ ትምህርት ይክፈቱ። ወላጆችም ገንዘቡ እስኪገኝ፣ ስለቱ እስኪሰምር ወይም የሐኪም ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ ልጃቸው መስማት እንደተሳነው ባወቁበት ሳምንት የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፈልገው ከልጃቸው ጋር መማር ይጀምሩ፤ ስለ መሣሪያው ያለውን ውሳኔ ከዚያ ጎን ለጎን ሊመክሩበት ይችላሉ።