ያሬድን ማን አየው?

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ። ግጥሙን መጀመሪያ ማን አወጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል፣ በቃ። በዚያው ከተማ በየቤተ ክርስቲያኑ ማሕሌት የሚቆምበት ዜማ ግን ባለቤት አለው፤ ቅዱስ ያሬድ ይባላል። ሁለቱም በቃል የተወረሱ ናቸው። ታዲያ አንዱ ደራሲ ሲኖረው ሌላው ለምን አጣ? ጥያቄው ያሬድ የሚባል ሰው በእርግጥ ኖሯል ወይ ወደሚለው የቆየ ክርክር ያስገባል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሰውየውና ድጓ የተባለው የዜማው መጽሐፍ ሳይለዩ አንድ ላይ ስለሚዳኙ ነው። አክሱም ውስጥ ያሬድ የሚባል ዘማሪ አልነበረም ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ድጓ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የእሱ ብቻ ነው ማለትም እንዲሁ።

ትውፊቱ የታወቀ ነው። ያሬድ እ.ኤ.አ. በ505 ተወለደ፤ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ትምህርት አልገባህ ብሎት ሸሸ፤ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችና በመጨረሻ የተሳካላት ትል አይቶ ተመለሰ፤ ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ሰማ፤ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ቢወጋው አልተሰማውም። መጨረሻው ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድና መሰወር ነው። ይህን የሚተርከው ገድል የተጻፈው ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ነው።

የታኦ ሃይማኖት መሥራች የሚባለው የቻይናው ላኦ ዙም ታሪኩ የሚያልቀው በተመሳሳይ መንገድ ነው። የመንግሥቱን መበላሸት አይቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የኬላው ጠባቂ ለመነውና 5,000 ያህል ፊደላት ያሉትን መጽሐፍ ጽፎ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም። ይህን የመዘገበው የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ሰውየው ማን እንደ ነበር እርግጠኛ ስላልነበረ ሌሎች ሁለት ሰዎችን በአማራጭነት ጠቅሷል። ጉዳዩን ያራመደው ግን ስለ ሰውየው የተደረገው ሙግት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ጉዎዲያን በተባለ ቦታ ከአንድ መቃብር የወጡት የቀርከሃ ጽሑፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸው፤ የመጽሐፉን ከፊል ብቻ፣ ያውም ዛሬ ከምናውቀው በተለየ ቅደም ተከተል ይዘዋል። መጽሐፉ ከጊዜ ጋር እያደገና እየተደራጀ መምጣቱን ብዙዎች የተቀበሉት ከዚህ በመነሣት ነው።

ድጓም አድጓል። ለዚህ የቀርከሃ ግኝት መጠበቅ አያስፈልገንም፤ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ከስድስተኛው መቶ ዓመት እጅግ ቆይተው ለኖሩ ቅዱሳን፣ ለምሳሌ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ የሚዜም አለበት። በቃላቱ ላይ የሚሰፍረው የዜማ ምልክት የተደራጀው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ የቤተ ክርስቲያኗ ሊቃውንት ራሳቸው ያስተምራሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በድጓው ላይ መድከሙ ይነገራል። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የተባሉት የድጓ ቤቶች ደግሞ በዜማ አካሄዳቸው ይለያያሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል፤ ክርክሩን የሚያዘነብለው ይህ ይመስለኛልና። መሥራቹን ለማግነን ብቻ የተፈጠረ ትውፊት ቢሆን ኖሮ ከኋላ የመጡትን ስማቸውን ባጠፋ ነበር። ይህ ግን የጌራንና የራጉኤልን ስም ከነማዕረጋቸው አቆይቷል። የተከታዮቹን ሥራ እንዲህ ለይቶ የሚያውቅ ትውፊት ስለ ቀዳሚው የሚለውን እንደ ተረት ብቻ ቆጥሮ መጣል ይከብዳል።

ተጠራጣሪው የሚያነሣው የመጀመሪያ ነጥብ ዝምታው ነው፤ ከያሬድ ዘመን ስሙን የሚጠራ አንድም ጽሑፍ የለም። እውነት ነው። ግን ከዚያ ዘመን ምን ቀረልን? በአብዛኛው ድንጋይና ሳንቲም፣ ይኸውም ነገሥታት ስለ ራሳቸው ያስቀረጹት። ንጉሡ ገብረ መስቀል እንኳ በዚህ ስሙ በአክሱም ሳንቲም ላይ አልተገኘም፤ የአባቱ የንጉሥ ካሌብ ልጅ ተብሎ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ዋዜብ የሚባል ንጉሥ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚሉ አሉ። የንጉሥ ስም እንዲህ በሚያከራክርበት ዘመን የዘማሪ ስም አለመገኘቱ ዘማሪው አለመኖሩን አያሳይም። ወፎቹንና ትሏን ግን ማንም ማስረጃ አያድርጋቸው፤ ወድቆ የሚነሣ ነፍሳት አይቶ የሚጸና ጀግና በሌላም አገር ተረት ይገኛል።

ለያሬድ መኖር የማቀርበው ሌላው ምክንያት ክብሩ ለማን እንደ ተሰጠ ነው። ገድል ጸሐፊው መሥራች ፈጣሪ ቢሆን ኖሮ እጩ አላጣም፤ ብዙ ገዳማት ወደ ተሰዓቱ ቅዱሳን ይቆጠራሉ፣ ነገሥታቱም ነበሩ። ዜማው ግን ዙፋንም ገዳምም ለሌለው የአክሱም ልጅ ተሰጠ። እርግጥ ይህም መልስ አለው፦ ቅዱሳኑ ከውጭ ስለ መጡ አገር በቀል መሥራች ያስፈልግ ነበር ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ለዚህም ነው ያሬድ «ኖሯል» ከማለት «ሳይኖር አይቀርም» ማለትን የምመርጠው።

አማኙ ደግሞ በሌላ በኩል ይሞግታል፦ መሥራቹ ራሱ ከተጠረጠረ የመምህራኑ ሰንሰለት በምን ይንጠለጠላል? ቆቦ ባለችበት በራያ ቆላ ይህ ጥያቄ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በወሎ የቃዲሪያ ጠሪቃ ሸኽም ከማን እንደ ተቀበለ፣ ያም ከማን እንደ ተቀበለ እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። የድጓ ተማሪም ዓመታት ተምሮ ሲያበቃ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ምስክርነቱ የሚጸናው መምህሩ መምህር ስላለው ነው። ሶለል ደራሲ ያጣችው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሶለል የሚመሰከርለት ስለሌለ ከማን ተማርሽ የሚል አልመጣም። ድጓ ግን መመስከሪያ ስላለው የመምህራን ስም መያዝ ነበረበት፤ ስም መያዙ ጌራን አቆየልን፤ ከላይ ላለው አንድ ስም ሁሉንም የመስጠት ፈተናም ያመጣው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ተማሪውን ብቁ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው መምህር አድምጦ ማረሙ እንጂ የሰንሰለቱ ጫፍ በታሪክ መረጋገጡ አይደለም። ያሬድ የድጓውን አንድ አሥረኛ ብቻ ደረሰ ቢባል ቤተልሔም የሰጠችው ምስክር አይሻርም።

የአባ ገሪማ ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ መጻፋቸው ስለ ታወቀ፣ የያሬድን ዘመን ያየ ብራና እስከ ዛሬ ሊቆይ እንደሚችል ተረጋግጧል። ምልክት ያልተጻፈበት አሮጌ የድጓ ቅጠል ከአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ቢወጣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደ ነበር፣ የትኛው እንደ ተጨመረ ይነግረናል። ስለ ሰውየው ግን ከጉዎዲያን የቀርከሃ ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል ብዬ አልጠብቅም።