ስለ አያቴ፣ ስለ ብራናውና ስለ ብዕሩ

ሰው ካረፈ በኋላ የሚነበብለት የሕይወት ታሪክ ከሥራው መካከል የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚጥል ሳስብ ብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ፤ ይህም አሳብ ይበልጥ የበረታብኝ ለሙት ዓመታቸው የሚነበበውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ስለ አያቴ የሚነገረውን ስመረምር ነው። አያቴ በጎጃም በአንዲት የገጠር ደብር ያገለገሉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ልጆቻቸውም፣ የልጅ ልጆቻቸውም፣ ከእነርሱ ወዲያ ያለው ዘመድ አዝማድ ሁሉ፣ የፊደላቸውን ማማርና የእጃቸውን ርጋታ፣ ዳዊት ሲጽፉም በጾምና በጸሎት መወሰናቸውን እየተቀባበለ ይናገራል። ያ ፊደል ያረፈበትን የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በመወጠሪያ ወጥረው፣ ሥጋውንና ፀጉሩን ፍቀው፣ በሻካራ ድንጋይ አልስልሰው ብራና ያደረጉት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ግን የሚያነሣ አንድም ሰው የለም። ይህ ዝምታ የተገባ ነውን? ወይስ የሰውየውን እኩሌታ ከእርሳቸው ጋር መቅበር ነው?

አስቀድሜ ለዝምታው የሚሟገተውን አሳብ በቅንነት ልስማ። ቆዳ መፋቅ መሰናዶ ነው፤ ምእመናን የሚሳለሙትና በጸሎት ጊዜ የሚደግሙት ቃሉን ነው፤ ቃሉን የሚሸከመውን ቆዳ ማን እንዳሰናዳው መጠየቅ ታቦቱን ትቶ የመንበሩን አናጢ እንደ መፈለግ ይሆናል። ይህ ክርክር ኀይል እንዳለው አልክድም፤ ሆኖም ከበስተኋላው ሌላ ነገር ተሸሽጎ ይመስለኛል። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ ሲነቀፉ፣ ቡዳ እየተባሉ ሲፈሩና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውም ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ይመሰክራል። አዋጅ አፍን ሊገታ ይችላል፤ ልብን ግን ፈጥኖ አይለውጥም። ታዲያ ዘመዶቼ ዝም ያሉት የብራናው ሥራ ትንሽ ስለ ሆነ ነው፣ ወይስ አያታችን ከፋቂ ጋር በአንድ ስም እንዳይጠሩ ስለ ሰጉ?

ይህንኑ ለአክስቴ ባቀረብሁላቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ አባባ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ቆዳውን ምን ያደርግልሃል? ጸሐፊ ነበሩ በል፣ ይበቃል» አሉኝ።

እኔም የሰው ቃል በተለያየበት ነገር የእጅ ሥራ ይፍረድ ብዬ ከእርሳቸው የቀረልንን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቼ መረመርሁ። በመጀመሪያ አያቴን የፈለግኋቸው በፊደሉ ውስጥ ነበር፤ አላገኘኋቸውም። ቁም ጸሐፊ የሚመሰገነው ከፊቱ ከተዘረጋው አብነት ሳይወጣ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ የመምህሩን እጅ እንደ ተቀበለው ሲያስተላልፍ ነውና፣ የገዛ ጠባዩ በፊደሉ ላይ ቢታይ ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበታል። መቶ አምሳው መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩና ውዳሴ ማርያሙ በየተራቸው ተቀምጠዋል፤ የመዝሙሩ ሐረግ በየመስመሩ ተለይቷል፤ ቅዱሳት ስሞች በቀይ፣ የቀረው ከጥላሸት በተሰናዳ ጥቁር ቀለም ተጽፏል። ይህ ሁሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጸሐፊም እንዲሁ አድርጎ ሊጽፈው ይችል ነበር።

እንዲህ ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሼ ሳለሁ አንድ ቅጠል ያዘኝ። ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ እንደ ዓይን የሞላላ ቀዳዳ አለ፤ ቆዳው ሲፋቅ ስለቱ ጥቂት ጠልቆ የነካው ስፍራ፣ በመወጠሪያው ላይ እየተሳበ ሲሄድ የሰፋ ነው። ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ሌላው ብጥ ግን ሳይሰፋ ተደርሶበት፣ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ በጅማት ተሰፍቷል። ያልተሰፋው የታችኛው ቀዳዳ ዘንድ ሲደርሱ ቃሉን ከወዲህ አቁመው ከማዶ ቀጥለውታል። ፍየል የሰው ሀብት ነውና ስለ አንድ ቀዳዳ ብለው ቅጠሉን አልጣሉትም። ደግሞም ፀጉር የነበረበት ገጽ ቢጫነት፣ ሥጋ የነበረበት ገጽ ንጣት ስላለው፣ መጽሐፉ ሲገለጥ ሁለቱ ገጾች አንድ መልክ እንዲኖራቸው ፀጉሩን ከፀጉር፣ ሥጋውን ከሥጋ አገናኝተው ደርድረዋል። እዚህ ላይ የሳቱትን፣ ያረሙትን፣ ሊያድኑት ያልቻሉትንም በትዕግሥት የተቀበሉትን ሰው በግልጥ አየሁ።

ብራና ሲመሰክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በዓድዋ አቅራቢያ ባለው ገዳም የሚገኘውን የአባ ገሪማ ወንጌል፣ ብዙ የውጭ ሊቃውንት ከ10ኛው ወይም ከ11ኛው ክፍለ ዘመን አሻግረው ሊያስቀድሙት አይደፍሩም ነበር፤ በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ውስጥ አደረገው። የተመረመረውም ቆዳው ነበር።

ነገር ግን ይህን ካልሁ በኋላ በራሴ ላይ ደግሞ ጥርጥር አነሣለሁ። የእጅ ሥራ በሚወደስበት በዛሬው ዘመን ተቀምጬ፣ አያቴ ያልተመኙትን ክብር በግድ ላሸክማቸው ይሆን? ሲፍቁ ሁልጊዜ ከቤቱ በስተጓሮ፣ መንገደኛ በማያይበት ስፍራ ነበር። አፍረው ከሆነ፣ እርሳቸው የሸሸጉትን እኔ በአደባባይ ማንበቤ በደል ነው። አክስቴ ምክንያቱ ውሻ ነው ይላሉ፤ ከቆዳው የሚወድቀውን ሥጋና ጮማ ፍለጋ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰብ ነበርና። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ጮማው አልቆ፣ የደረቀው ቆዳ በድንጋይ በሚለሰልስበት ጊዜ እንኳ፣ ማንም ውሻ በማይጓጓለት ሰዓት፣ ከዚያው ከጓሮ አይወጡም ነበር። እንግዲህ ጥቂት ኀፍረት አልነበረባቸውም ለማለት አልደፍርም።

ይህን ጥርጥር ወደ ሌላ ወገን የሚያዘነብልልኝ ነገር ቢኖር ከተማሪዎቻቸው ጋር ያደርጉት የነበረው ነው። ሊማር የመጣ ልጅ የቱንም ያህል ንባቡ የቀና ቢሆን፣ ቆዳ ወጥሮና ፍቆ እስኪያሳያቸው ድረስ መቃ ብዕር አያስጨብጡትም ነበር። የሚያፍር ሰው ነውሩን በተማሪው እጅ አያበዛም። የግእዝ ዳዊት በ1513 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም ታትሞ፣ በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ መጻሕፍት ሲያወጣ፣ ፊደሉን በእጅ መጻፍ ብቻ የጸሐፊ መለያ መሆኑ ሲቀር፣ እርሳቸው ይህን ሥርዓት አላላሉም። ከዚህ የምረዳው፣ ሁለቱ ሥራዎች በእርሳቸው ዘንድ አንድ አገልግሎት እንደ ነበሩ ነው፤ ከጓሮ መቀመጣቸውም የሰውን ምላስ መሸሽ እንጂ ሥራውን መናቅ አልነበረም ብዬ እፈርዳለሁ።

ስለዚህ የጻፍሁትን ይዤ ወደ አክስቴ ተመለስሁ። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ይሁን፤ ግን ጸሐፊነታቸውን አስቀድም» አሉኝ። በአያቴ ሥርዓት ቆዳው ብዕሩን ይቀድም ነበርና ይህን ልፈጽም እንደማልችል ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ውሻውንም ጻፍ፤ አባቴ አፍረው ነው እንዳይባል» ብለው አዘዙኝ። ውሻውንም ጽፌዋለሁ።