የባዕድ አገር ምድጃ የማን ነው?

ለመሆኑ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ማዕዱን ማሰናዳት ያለበት በየትኛው አገር ልማድ ነው? በተወለደበት ወይስ በተቀበለው? ጥያቄው ከጓዳ የማያልፍ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ታማኝነትንና ነጻነትን የሚመለከት በመሆኑ ከሥነ ምግባር ጥያቄዎች መካከል የሚቆጠር ነው።

በፈረንሳይ የኖሩ ሁለት አሜሪካውያት ለዚህ ጥያቄ በኑሯቸው የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የመጀመሪያዋ በ1907 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ፓሪስ የተሻገረችው አሊስ ቶክላስ ናት። ከደራሲዋ ከገርትሩድ ስታይን ጋር በኖረችበት ቤት ምግቡን የምታሰናዳ ፈረንሳዊት ወጥ ሠሪ ነበረች። እሑድ ማታ ግን ወጥ ሠሪዋ ስታርፍ፣ ቶክላስ ራሷ ወደ ምድጃው ቀርባ በካሊፎርኒያ የምታውቀውን በመረቅ የተሠራ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦና የፖም ፓይ ታዘጋጅ ነበር። በ1954 ያሳተመችው የምግብ መጽሐፍም አሠራርን ከትዝታ ጋር ያጣመረ ነው። ሁለተኛዋ ጁሊያ ቻይልድ ናት። በመንግሥት ሥራ ከተመደበው ባለቤቷ ጋር በ1948 ፓሪስ ገብታ፣ በተከታዩ ዓመት «ኮርዶን ብሉ» በተባለው የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ በ1961ም ከሁለት ፈረንሳውያን ሴቶች ጋር ሆና የፈረንሳይን የምግብ አሠራር ለአሜሪካ ቤቶች የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች።

አንዳንድ ሰው የመጀመሪያዋን «ለተቀበላት አገር ደጇን ዘጋች»፣ ሁለተኛዋን «የእናቷን ማዕድ ረሳች» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። የእሑዱ የበቆሎ ዳቦ ቶክላስን ከፈረንሳይ አላራቃትም፤ በ1967 ሞታ የተቀበረችው እዚያው ፓሪስ ነው። ቻይልድም የተማረችውን ይዛ የተመለሰችው ወደ ወገኖቿ ነው። በመሆኑም የራስን ማስታወስና የሌላውን መማር በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ሁለቱም የመምረጥ ነጻነታቸውን ያገኙት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ምድጃው የራሳቸው ነበር። በቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ግን ሁኔታዋ ሌላ ነው። ታቡሌውንና ኪቤውን እንደ ቻይልድ ጠንቅቃ ትማራለች፤ ሆኖም የቻይልድ ትምህርት ጥበብ ሲባል የእርሷ ግዴታ ይባላል። ሽሮ ቢያምራት ደግሞ የእመቤቲቱን ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርባት ይችላል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ እንቢ ብላ ቤት መቀየር ቀላል አይሆንላትም። አሜሪካዊቷ «የውጭ አገር ነዋሪ» ስትባል እርሷ «ሠራተኛ» ብቻ ተብላ መጠራቷም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ የማን አገር ምግብ ይሠራ ከሚለው ጥያቄ በፊት ሊነሣ የሚገባው፣ ምድጃው በማን ፈቃድ ይነድዳል የሚለው ነው። የቶክላስ የእሑድ ማዕድም ይህንኑ ያስገነዝባል። ያ ማታ የተገኘው ፈረንሳዊቷ ወጥ ሠሪ የዕረፍት ቀን ስለነበራት ነው፤ እርሷም በበኩሏ የራሷ የሆነ ማታ ነበራት ማለት ነው።

ፍርዱን በሩቅ አገር ላይ ብቻ መጣል አይበቃም። በከተሞቻችንም ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታበስል ልጅ አለች። ለእርሷም እሑድ ማታ ይገባታል፤ የእናቷን ማዕድ የምታሰናዳበት ምድጃም እንዲሁ። ይህን የነፈገ ቤት፣ ማዕዱ ምንም ቢሞላ፣ እንግዳ ተቀባይ ነኝ ብሎ ሊመካ አይገባውም።