እማማ በየትኛው ታክሲ ይምጡ?

ሰርቨር ማዛወር እንጀራዬ ነው፤ ዳታው ከተገለበጠ አሮጌውን ማሽን አጥፍቼ ወደ ቤቴ። የካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት ፈንዲቃ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲፈርስም «ምን ችግር አለው፣ ሌላ ቦታ ይከፈታል» አልኩ። አዝማሪው ራሱ ከጎንደር ገጠር ማሲንቆውን አንግቶ፣ እኔም ከበየዳ በደባርቅ በኩል የመጣን አይደለን?

ግን አዝማሪ ግጥሙን ጨርሶ አይመጣም፤ ፊቱ ከተቀመጠው ሰው ስምና ኩርፊያ እዚያው ይሠራዋል። የፈንዲቃው መላኩ በላይ እስክስታ የትም መድረክ ላይ ያምራል፤ ዓለምን የዞረ ነው። የኔ ጥያቄ ስለ ተመልካቹ ነው። አንድ ማታ አዝማሪው የበየዳን ብርድ አንስቶ ሲገጥምብኝ ከጎኔ የሳቁት የሰፈሩ እማማ ዛሬ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። መድረኩን ያዛወረ ሰው የእሳቸው ወንበር ዕዳ አለበት? እኔ አለበት ባይ ነኝ፤ እንዴት እንደሚከፈል ግን አላውቅም። ማታ በሦስት ሰዓት ከዚያ ታክሲ የለም።