ሙሸበክ የማን ነው?

ስለ ብሔራዊ ባህል ውይይት በተነሣ ቁጥር ተናጋሪዎቻችን ስለ ምግብ የሚሉት ጥቂት ነው። እንጀራውንና ወጡን፣ ጠላውንና ጠጁን ጠቅሰው ወደ ዜማው፣ ወደ ሥዕሉና ወደ ቴያትሩ ያልፋሉ። እንጀራ የኛ ስለ መሆኑ የሚከራከር የለምና እዚያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ግን አንባቢውን ሊያቆም የሚወደው ክርክር ካለበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ በመንገድ ዳር በሚሸጠው፣ ብርቱካንማ ቀለም ባለው፣ በስኳር በራሰው ሙሸበክ ፊት። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ የሚጠብሰው፣ የሚሸጠውና የሚበላው ኢትዮጵያዊ ነው። እንግዲህ የማን ነው እንበል?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በአንድ ሠፈር እንየው። ስሙን ከሆስፒታሉ የወረሰው ጦር ኃይሎች፣ ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ ለሚሄደው ሰው እንደ በር ያለ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ መጥቶ የሚያበቃው እዚህ ነው። አመሻሽ ላይ ከባቡር የወረደው፣ ከመርካቶ ዕቃ ተሸክሞ የመጣው፣ ወደ አየር ጤናና ወደ ቤቴል ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ በአንድ ማዞሪያ ላይ ይገናኛል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአምስት ቀን ልዩነት ሲገቡ በዚህ ስፍራ ይታይ የነበረው ትዕይንት ለባህል ተመልካች ቁም ነገር ነበረው። ለማፍጠር ወደ ቤቱ የሚጣደፈው ሙስሊምና ጾሙን ውሎ የሚመለሰው ክርስቲያን ከአንድ ሣጥን ሙሸበክ ገዝተው፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት አስጠቅልለው፣ ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደሚታወቀው በአገራችን ገበታን የሚከፍለው ሥጋ ነው። በልቅሶም በሠርግም ጎረቤቶች አብረው ውለው፣ አብረው አዝነውና ጨፍረው፣ ሥጋ ሲቀርብ ግን ድስቱ ይለያል፤ አራጁ ይለያል። ክርስቲያኑ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በማያንስ ጊዜ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል። በማርና በእንቁላል የሚሠራው ፈጢራ፣ ምንም እንኳ ማለዳ ተወዳጅ ቁርስ ቢሆን፣ በጾም ቀን ከክርስቲያኑ ፊት ይነሣል። ሙሸበክ ግን ከዚህ ሁሉ ወጥመድ ያመልጣል። የስንዴ ዱቄት በውሃና በእርሾ ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጣል፤ ቀለም ይጨመርበታል፤ ኩፍ ሲል ቀዳዳ ባለው ዕቃ በጋለ ዘይት ላይ ክብ በክብ፣ መስመር በመስመር ላይ እየተደራረበ ይፈስሳል። ጠንከር ብሎ ሲወጣ ወዲያው ከስኳር ውሃው ይነከራል። በስኳር ውሃው ላይ ሎሚ ጠብ የሚደረገው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር ኮምጣጣው ይከለክለዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቢላዋ የነካው፣ ከእንስሳ የወጣ ነገር የለም። ሁለት ሃይማኖት ያለ ሐሳብ ሊካፈለው የሚችል ጣፋጭ የተገኘው በማንም ዕቅድ ሳይሆን በዱቄት፣ በዘይትና በስኳር ጠባይ ነው።

(ጾም ምኞትን መግታት ከሆነ እንዲህ ያለ ጣፋጭ የጾሙን ሕግ ቢጠብቅ መንፈሱን ይጠብቃል ወይ የሚል አባት ቢኖር ይህ ጸሐፊ መልስ የለውም። ጥያቄው ተገቢ ነው።)

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ሙሸበክ በዐረብኛ የተጠላለፈ፣ እንደ መረብ የተሠራ ማለት ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ኢብን ሰያር አል-ወራቅ ያዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ዙላቢያ ስለሚባሉት የዘይት ጥብሶች ይናገራል፤ ከነዚያም መካከል እንደ መረብ የተጠላለፈው ይገኝበታል። የፋርሱ ዞልቢያና የህንዱ ጀለቢ የዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ባግዳድም ሆነች ኤደን ብቻዬን ባለቤት ነኝ ብትል የሚያዳምጣት አታገኝም። ይህን ይዞ አንድ ወገን ወዲያው «እንግዲያውስ ምግብ አገር የለውም» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ጣፋጭ ሁሉ መጤ ነው፣ የኛ ጣፋጭ ማር ብቻ ነው ብሎ ሙሸበክን ከባህላችን መዝገብ ይፍቀዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ለተናጋሪው ይመቻሉ፤ ሁለቱም ዕዳ አያስከፍሉምና።

ዕዳው የሰው ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲዘረጋ የየመን ሰዎች በሠራተኛነትም በነጋዴነትም አብረውት ወደ መሀል አገር ዘለቁ። የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች የሠፈሩን ሱቅ «ዐረብ ቤት» ይሉት የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለ ሱቁ ማልዶ ይከፍታል፤ አምሽቶ ይዘጋል፤ ስኳር በኩባያ፣ ላምባ በጠርሙስ ይሰፍራል፤ ደመወዝ ያልደረሰለትን ጎረቤት በዱቤ መዝገብ ጽፎ ያሳድረዋል። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር ያን ስኳር ለድኻው በሚቻለው ልክ ከፋፍሎ የሚያደርሰው ይኸው ዓይነት ሱቅ ነበር። የየመኑ ሰው ብዙ ጊዜ አገር ቤት አገባ፤ ልጆቹ አማርኛ እየተናገሩ አደጉ።

ከዚያስ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኤርትራ ጉዳይ በመንግሥታት መካከል የተነሣው ቅራኔ ከማዕድ ቤት ድረስ ወረደ። ስኳር ሰፋሪው በሩቅ ቤተ መንግሥት በተደረገ ነገር ይጠረጠር ጀመር። ከ1966ቱ አብዮትና ከተከተሉት ውርሶች በኋላ አብዛኞቹ ወደ የመን ተመለሱ ወይም ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ። ሱቆቹን ከተረከቡት መካከል ብዙዎቹ በነዚያው ሱቆች ረዳት ሆነው ንግድ የተማሩ የጉራጌ ልጆች ነበሩ። ሰውየው ሄደ፤ ጣፋጩ ቀረ። የጠረጠሩትና የሰደቡት ሰዎች ሙሸበክ መብላታቸውን ስለማቆማቸው አልተሰማም። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ የሚለው አነጋገራችን ለማን እንደተባለ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ለንጽጽር ጣልያንን እንውሰድ። ፋሺስቱ በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጢስና በመድፍ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ማኪያቶው፣ ፓስታውና ቦምቦሊኖው ግን ቀሩ፤ ዛሬ በጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ በነጭ ሣሕን፣ በኬክ ቤት ይቀርባሉ። መዝገብ ይዞ በሠፈር የመጣው ጣፋጭ በአብዛኛው በመንገድ ዳር ቀረ፤ መሣሪያ ይዞ የመጣው የክብር ወንበር አገኘ። ለጣዕማችን ደረጃ የሰጠው ምላሳችን ብቻ ነው ወይስ የኃያላን ስም ነው? ለሥነ ጥበብ ሰዎች ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንም፤ በሥዕልና በሙዚቃም ያው ሚዛን ሲሠራ አይተዋልና።

እንግዲህ «የኛ» የሚለው ቃል በምን ይጸድቃል? ሳምቡሳ አንድ መንገድ ያሳያል። እርሱም ከባሕር ማዶ የመጣ ስም ነው፤ በኛ ከተማ ግን ሴቶቻችን ምስር ሞሉበት፤ ለጾመኛውም ለሌላውም የሚሆን አደረጉት። ሙሸበክንም የኛ የሚያደርገው ሌሊት ተነሥታ ሊጡን የምትበጠብጠው፣ ክንዷን ዘይት እየፈነጠቀባት የምትጠብሰው፣ ትርፉን ለልጇ ደብተር የምታውለው ሴት ላብ ነው። በላብ የተገኘ ባለቤትነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን የራስን ላብ መጥቀስ የሌላውን አይሰርዝም፤ እርሷ የምትጠብሰው ሌሎች አስቀድመው የተማሩትንና ያስተማሩትን ነው።

ይህ የድሮ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ለታሪክ ሰዎች ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ሲከፋ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን በእሳት ስትያዝ፣ ከሁለቱም አገሮች ሰዎች ወደኛ መጡ። የሶርያ ቤተሰቦችንም ሕፃን ታቅፈው በአዲስ አበባ መንገዶች ቆመው አይተናል። በ7ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን መቀበሉን ሁላችንም በኩራት እናወሳለን። ያ ደግነት የንጉሡ ነው፤ የኛ የሚሆነው ገና በሚደረገው ልክ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በጦር ኃይሎች ማዞሪያ ቆሞ የልጅነቱን ጣፋጭ በሣጥን ውስጥ ቢያይ፣ በስሙ ጠርቶ ቢጠይቅና ሻጯም ወዲያው ቢገባት፣ ማን እንግዳ ማን ባለ ቤት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

የባህል ማኅበሮቻችንና መምህራኖቻችን የሕዝቡን ምግቦች በየጊዜው ይመዘግባሉ። የሠፈር ጣፋጮች ሲመዘገቡ ከሙሸበክ ስም ጎን ባዶ ቦታ ይመጣል፤ «ምንጭ» የሚል። ይህ ጸሐፊ ቢጠየቅ በዚያ ቦታ ሁለት መስመር እንዲጻፍ ይመክራል። በመጀመሪያው «ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን ባለ ሱቆች ዘመን የታወቀ» ይባል፤ በሁለተኛው ደግሞ ዛሬ የሚጠበስባቸው ሠፈሮች ስም ይዘርዘር፤ ጦር ኃይሎችም አይረሳ።