የማይታየው የድንበር ድንጋይ

በዋጫ አካባቢ ላደጋችሁ ወጣቶች ወሰን መግፋት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በሌሊት የድንበሩን ድንጋይ አንድ ክንድ ፈቀቅ ያደረገ ሰው፣ ሲነጋ ቤቱ ቢፈተሽ የሌላ ሰው እህል አይገኝበትም። የሰረቀው የጎረቤቱን የነገ መከር ነው። የሙሴ ሕግም ይህን በደል ለይቶ ይከለክለዋል።

አሁን ደግሞ በዐይን የማይታይ ወሰን አስቡ። የፓተንት ጠበቃ የሚተክለው እንዲህ ያለውን ወሰን ነው። አንድ ሰው አዲስ ማሽን ወይም አዲስ የአሠራር ዘዴ ሲፈጥር፣ ጠበቃው ፈጠራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ በቃላት ያሰፍራል። መንግሥትም ለፈጣሪው ለተወሰነ ዘመን ብቸኛ መብት ይሰጠዋል፤ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት 15 ዓመት ሲሆን፣ በሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። በምላሹ ፈጣሪው የሥራውን ምስጢር ለሕዝብ ይገልጣል፤ ዘመኑ ሲያልቅም ፈጠራው የሁሉም ይሆናል። ይህ መልካም ውል ነው፤ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ያገኝበታልና። ታዲያ ጥያቄው፣ ድንጋዩ የሚተከለው በማን መሬት ላይ ነው? የሚል ነው።

የጤፍን ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጤፍን ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመካፈል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተዋዋለ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ አገራችንም ከውሉ ያገኘችው ከኢምንት አልበለጠም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲፈጩት፣ ሲያቦኩትና ሲጋግሩት የኖሩት እህል በባዕድ አገር ወረቀት ላይ ባለቤት ተገኘለት። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የሚገባውን ያህል ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ልብ በሉ፤ ለዚህ ያበቃው ክርክር የተነሣው በኢትዮጵያ ሳይሆን፣ ፓተንቱን ጥሰሃል ተብሎ በተከሰሰ ሌላ ኩባንያ ነው።

እዚህ ላይ የጎደለው ምንድን ነው? ፊርማውም ማኅተሙም ነበረ። ነገር ግን ኤልዛቤልም የናቡቴን የወይን ቦታ ያስወሰደችው በማኅተም፣ በምስክርና በሸንጎ ነበር። ኩባንያውን ከእርሷ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ወረቀት መሟላቱ ብቻውን ጽድቅ እንደማይሆን ለማሳየት ነው። «ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጠበቃውን ሊያሳርፈው ይችል ይሆናል። ክርስቲያን ጠበቃ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ «ደንበኛዬ የእኔ ነው የሚለውን በእውነት እርሱ ሠራው ወይስ ተቀበለው?»

ያው መሣሪያ በሌላ እጅ ሲያዝ ደግሞ ድሀን ይጠብቃል። በዚያው በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት፣ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ ረዘመ፤ በ2007 ግን ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ፈረመ። ከሦስቱ ስሞች መካከል የቡና መገኛዋ ካፋ አልነበረችም። ከእናንተ መካከል ሕግ ለማጥናት የምታስቡ ይህን ልብ ብትሉት መልካም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጤፋችን ተወሰደ ብለን የምንቆጣ እኛ፣ የዘማሪውን አዲስ አልበም ከስልክ ወደ ስልክ ስንገለብጥ አንቆጣም። የሌላውን መዝሙር ዜማውን ጥቂት ለውጠን፣ የደራሲውን ስም ሳንጠራ በመድረክ እናቀርባለን። «በከንቱ የተቀበልነውን በከንቱ መስጠት አለብን» የሚል መልስም አዘጋጅተናል። ነገር ግን ጌታ ይህን ያዘዘው ሰጪውን ነው፤ ተቀባዩ በሌላው ድካም ላይ ቸር እንዲሆን አይደለም። ዘማሪው በነጻ ቢሰጥ ጸጋ ነው፤ እኛ በስሙ ብንሰጥለት ግን ወሰን መግፋት ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሳምንት መዘምራኑ ከሚያጠኗቸው መዝሙሮች መካከል ደራሲያቸው የማይታወቁትን ለዩ። ጠይቃችሁ ስሙን ድረሱበት፤ በጉባኤም ፊት ጥሩት። ፈቃድ የሚያስፈልገውን ፈቃዱን ለምኑ። ነገ በሸንጎ ስለ ካፋ ገበሬ የሚከራከር ጠበቃ ከመካከላችሁ ቢነሣ፣ የሰውን ድርሻ ማክበር የሚጀምረው ከዚህ ነው።