ዘነዘና የሚመስለው ቦምብ

አንድ ፋሲካ ሉማሜ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያዎች አነባለሁ። አያቴ ቡና እየቆላች አንገቷን ሰገግ አድርጋ ፎቶውን አየችው።

«ምንድር ነው ይኸ? ዘነዘና ነው?»

«ቦምብ ነው እማዬ። የጀርመን የእጅ ቦምብ።»

«በስመ አብ!» አለችና ቡናዋን ማመስ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ «ስም አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለው። እንግሊዞቹ «ድንች መፍጫ» ይሉት ነበር። ስነግራት አልሳቀችም። «ከማጀት ስም አውጥተውለት እንዴት ይፈሩታል?» አለች።

ይቺ ጥያቄ አዲስ አበባ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ጀርመኖች በወረቀት የሰጡት ስም ደረቅ ነው፤ ባለ እጀታ የእጅ ቦምብ፣ ሞዴል 24። 24 ማለት 1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘሩ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። ርዝመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ራሱ ብረት፣ እጀታው እንጨት። እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፣ ገመድ ያልፍበታል። ግርጌው ላይ ያለውን ክዳን ሲፈቱት ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ኳስ ያለው ገመድ ዱብ ይላል። እሱን ስቦ መወርወር ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ውስጥ ይፈነዳል። እጀታው ክንድን ስለሚያስረዝም ርቆ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ቢወረወርም እንደ ክቡ ቦምብ በቀላሉ ተንከባሎ ወደ ወርዋሪው አይመለስም።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሲያየው ያምራል። ይኼን መካድ አልችልም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው ቦምብ ደግሞ የ1939ኙ ነው። ይኼኛውን «እንቁላል» ያሉት ጠላቶች ሳይሆኑ ጀርመኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ በይፋ ስሙ ውስጥ አለ። የክዳኑ ቀለም የመዘግየቱን ጊዜ ይናገራል። ሰማያዊው ከ4 ሰከንድ በላይ ይሰጣል፣ ቀዩ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ። ቀዩን ስበህ ብትወረውረው እጅህ ላይ ነው የሚፈነዳው። እሱ የተሠራው ለወጥመድ ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲነካው።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ስም ጭካኔን ይደብቃል» የሚል ነበር። ግን ትንሽ ሳስበው አልገጠመም። «ድንች መፍጫ» ያሉት እኮ የሚወረወርባቸው ሰዎች ናቸው! ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይኼ ነገር በላዩ የሚመጣበት ወታደር የማጀት ስም ቢያወጣለት ምን ይፈረድበታል? ፍርሃቱን እያሳነሰ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስሙ ምን ይላል ብቻ አይደለም። ማን አወጣው? ከየትኛው ወገን ቆሞ?

የእኛ አገር የጠመንጃ ስሞች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ሲናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር። ለጆሮ ጥርት ያለ አማርኛ ይመስላሉ፤ ግን ስናይደር፣ ግራ እና ማንሊከር የሚባሉ የፈረንጅ ሠሪዎች ስም ናቸው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ተሸራርፎ የመጣ ነው። አያቶቻችን ሳያውቁት የሠሪውን ስም ከዕቃው ጋር አቆዩት።

እኛ ፕሮግራመሮች «ጊት ብሌም» የምንለው ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው ያሳያል። ሲናድር በአፍ የሚነገር ጊት ብሌም ነው።

የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት ስሠራ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሱ የደንበኛ ሂሳቦችን የሚዘጋ ፕሮግራም ጻፍኩ። ስሙን «መጥረጊያ» አልኩት፤ ቡድኑ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። በየሌሊቱ እየተነሳ ጠረገ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ደወለች። ወደ ገጠር ሄዳ እናቷን ስታስታምም ከርማ ስትመለስ ሂሳቧ ተዘግቶ ጠበቃት፤ የቆጠበችው ለቀብር ነበር። ገንዘቡ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰላት፣ ቀብሩ ግን አልጠበቃትም። ጥፋቱን ፍለጋ ኮዱን ስንከፍት ከመስመሩ ጎን የቆመው የእኔ ስም ነው።

ሂሳብ መዝጋትና ቦምብ መወርወር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን «መጥረጊያ» ያልኩት ከወርዋሪው ወገን ቆሜ ነው። መጥረጊያ ቆሻሻ ነው የሚጠርገው፤ ስለዚህ ያቺ ሴት በእኔ ኮድ ውስጥ ቆሻሻ ነበረች ማለት ነው። ስሙን «ሂሳብ ዝጋ» ብዬው ቢሆን፣ የማን ሂሳብ ብዬ አንድ ጊዜ እጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊጎዳ የሚችል ኮድ ስጽፍ በቁልምጫ አልጠራውም።

በቅርቡ ቤት ስደውል ከጀርባ ተኩስ ተሰማ። «ምንድን ነው?» አልኩ። የ7 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ፣ አፉ ውስጥ እንጀራ እንዳለ «ዲሽቃ ነው፣ ሩቅ ነው» አለኝ። የዲሽቃ ስም በከፊል የመጣው ደግትያሬቭ እና ሽፓጊን ከሚባሉ ሁለት የሶቭየት ኢንጂነሮች ስም መነሻ ፊደላት ነው። ልጁ አያውቃቸውም። እነሱም እሱን አላሰቡትም።

አላረምኩትም። እሱ የሚጠራው እንዳይፈራ ነው፤ ይጥራው። ከሠሪውና ከተኳሹ ወገን የቆምን ግን ያ መብት ያለን አይመስለኝም።